ሸረሪት የሸናበት

አማቷ ሽምብራ አላምጠው መዳፋቸው ላይ ተፉትና በጣታቸው የልጅ ልጃቸው አፍ ዙሪያ ለጠፉት። ከሦስት ቀን በፊት የወጣበት ቁስል ማር የመሰለ ቅርፊት ሠርቶ ያዣል። ወጣቷ እናት ተጸይፋ ፊቷን አዞረች።

«ምን ያስጠይፍሻል? ሸረሪት ሸንቶበት ነው። ባልሽንም በዚሁ ነው ያሳደግሁት» አሏት።

ልጇን አፈፍ አድርጋ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ አማቷም እያጉረመረሙ ተከተሏት።

ነርሷ ቅርፊቱን በሞቀ ውሃና በሳሙና አለስልሳ አነሳችው። «ሸረሪት አይደለም፤ በንክኪ የሚጋባ የቆዳ በሽታ ነው። ይህን ቅባት ቀቢው፤ ፎጣውንም ለዪለት።»

እናትየዋ ወደ አማቷ ዞረች። «ሰሙ፣ እማማ? እየሳሙ ያጋቡበት እርስዎ ነዎት! ሁለተኛ ልጄን እንዳይነኩብኝ!»

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። ነርሷ ፊታቸውን ቀና አድርጋ መረመረችው፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ወደ እናትየዋ ጠጋ ብላ ከአፍንጫዋ ሥር የተቀባችውን ፓውደር በእርጥብ ፋሻ ጠረገችው። ቢጫ ቅርፊት ብቅ አለ።

«ይሄስ ስንት ቀኑ ነው?»

«ብጉር እኮ ናት… ሁለት ሳምንት ቢሆናት ነው።»

አማቷ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው ልጁን ከእቅፏ ወሰዱት።