አመድማው ሳሎን

ረይሃና ሽሮ ሜዳ ጋቢ ትሸጣለች። እሑድ ረፋድ ላይ ጎረቤቷ ጀዊሪያ አሳመረችው የተባለውን ሳሎን ልታይ ገባች። ግድግዳው፣ መጋረጃው፣ ሶፋው፣ ሁሉም አመድማ ነው። ሌላ ቀለምም ሆነ ትርፍ ዕቃ የለም። ረይሃና በቅናት ተቃጠለች።

«ማን ቀባልሽ?»

«ማንም አልቀባውም። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» አለች ጀዊሪያ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

«ቀለም ቀቢውን ልትደብቀኝ!» አለች ረይሃና በሆዷ። «ምነው የኔም ቤት እንዲህ በሆነ!»

እየተብሰለሰለች ቤቷ ስትገባ ቀይ ምንጣፏ አመድማ ሆኗል። ቢጫው ግድግዳም፣ መጋረጃውም እንዲሁ። መደንገጥ ሲገባት ደስታ አሰከራት።

«ሀያም! ነይ ቤታችንን እዪ!» ብላ ልጇን ጠራች።

ሀያም ከጓዳ ወጥታ «ምኑን ልይ እማዬ? ምን ተለወጠ?» ብላ ፈገግ አለች።

ጥርሷም ምላሷም አመድማ ነበር።