የገዛ ደብተራቸውን ሰረቁ የተባሉት መምህር

«አባዬ… ገጽህ ተዘግቷል።»

ልጃቸው ስልኩን አቀበለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። አንዴ… ሁለቴ…

«የሌላ ድርጅት ንብረት ያለፈቃድ ስላሰራጩ ገጽዎ ታግዷል» ይላል።

በግልጽ አማርኛ፣ ሌባ ነዎት ማለት ነው።

ሰውየው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው «ጋሼ ቀመር» ይሏቸዋል። ሠላሳ ዓመት በእጃቸው ጽፈው ያዘጋጁት የጥያቄና መልስ ደብተር አላቸው። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስታ ኢንተርኔት ላይ ጫነችላቸው። በነጻ… ለማንም ተማሪ።

ታዲያ ማን ከሰሳቸው?

አንድ ትልቅ የትምህርት አፕ ድርጅት። ደብተሩን እንዳለ ገልብጦ አፑ ላይ ጫነው፣ በራሱ ስም አስመዘገበው፣ ከዚያ ዞሮ ባለቤቱን «ከእኔ ነው የሰረቁት» አለ።

ዓይኑን በጨው ያጠበ ማለት ይሄ ነው።

ጋሼ ቀመር ሦስት ጊዜ አቤት አሉ። ሦስቱንም ጊዜ የመለሰላቸው ኮምፒውተር ነው። «ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን» ይላል። የምን ትዕግስት… ሰውየው ከጨረሱት ቆይተዋል።

«መዘጋቱ አይደለም የቆጨኝ» አሉ ለልጃቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ኩረጃ ነውር ነው ብዬ አስተምሬ፣ ተማሪዎቼ አሁን እኔን ኮራጅ ይበሉኝ?»

«ተወው አባዬ፣ እነሱን አትችላቸውም።»

«እችላቸዋለሁ።»

የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ሄደው አመለከቱ። ቀጠሮው ደረሰ።

ጠባብ ክፍል፣ ረጅም ጠረጴዛ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሁለት ጠበቃ አስከትሎ ገባ። ልብሱ ተተኩሶ የተሰፋበት ነው የሚመስለው። ጋሼ ቀመርን ግን ቀና ብሎ አላያቸውም።

«ጥያቄዎቹን ያዘጋጁት የእኛ ባለሙያዎች ናቸው» አለ ጉዳዩን ለምታየው ሰብሳቢ። «መልሱንም አንድ በአንድ ሠርተው አረጋግጠዋል።»

«አንድ በአንድ?» አሉ ጋሼ ቀመር።

«አንድ በአንድ።»

«እስቲ ሠላሳ ሰባተኛውን አንብብልኝ።»

አጅሬ ስልኩን አውጥቶ አፑን ከፈተና አነበበ።

«አንዱ ቧንቧ ታንከሩን በሦስት ሰዓት ይሞላዋል። ሌላው በስድስት ሰዓት ይሞላዋል። ሁለቱ አብረው ቢከፈቱ ስንት ሰዓት ይፈጃል? መልስ… አራት ሰዓት ተኩል።»

«ልጄ፣ የመጀመሪያው ብቻውን በሦስት ሰዓት ይጨርሳል። አጋዥ ሲመጣለት ነው አራት ተኩል የሚፈጅበት?»

ከጠበቆቹ አንዱ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሰብሳቢዋ ሳቋን ዋጠች።

መልሱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ስትጨነቁ እንዳታድሩ።

«የ… የትየባ ስህተት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሰብሳቢዋ አንድ ያረጀ ወረቀት ከፋይሉ አወጣች። መምህሩ ያስተምሩበት ከነበረው ትምህርት ቤት የመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ቀመር መልሱን ከኋላ እያዩ የሚገለብጡ ተማሪዎችን ለመያዝ ሰባት ጥያቄዎች ላይ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ጽፈዋል። ለክፍሉም በግልጽ ይነግራሉ፤ «ሰባት ወጥመድ አለ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ሠርታችሁ ድረሱበት» ይላሉ። ወላጅ መጥቶ «መልሱ ተሳስቷል» እንዳይል ደግሞ ዝርዝሩን ትምህርት ቤቱ ማኅተም መትቶበት አስቀምጦታል።

ማኅተሙ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ድርጅቱ ገና አራት ዓመቱ ነው።

አፑ ላይ አንድ በአንድ ታዩ። አንደኛው አለ… ሁለተኛው አለ… ሰባቱም ከነስህተታቸው ቁጭ ብለዋል።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ቀስ ብሎ «ጋሼ…» አለ።

ሰብሳቢዋ ቀና አለች። «ትተዋወቃላችሁ?»

«ተማሪዬ ነበር» አሉ ጋሼ ቀመር። «አሥራ አንደኛ ክፍል እያለ ታሞ ሁለት ወር ተኛ። ፈተና እንዳያመልጠው ብዬ ደብተሬን ኮፒ አስነስቼ ቤቱ ድረስ ወሰድኩለት። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ አስጠናሁት። የወጥመዱን ነገር ለክፍሉ ስናገር እሱ አልነበረም፤ እኔም መንገሩን ረሳሁ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ይሄን እወደዋለሁ።»

ምዝገባው ተሰረዘ። ደብተሩ ከአፑ እንዲወርድ ታዘዘ። የመምህሩም ገጽ ተከፈተ።

ኮሪደር ላይ አጅሬ ተከትሏቸው ሮጠ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ… እዚሁ በእኛ መሃል ይለቅ…»

«ሌባ ያልከኝ በአደባባይ ነው። ይቅርታህንም በአደባባይ ታወጣዋለህ። መጀመሪያ ግን ጽፈህ አምጣና ላርመው።»

ጻፈ። «በተፈጠረው አለመግባባት እናዝናለን» ይላል። ጋሼ ቀመር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙበት። «ድገመው።»

ሁለተኛው «ባልደረቦቼ ባለማወቅ ባደረሱት ስህተት» ይላል።

«ድገመው።»

ሦስተኛው ላይ ስለ ድርጅቱ ራዕይ ጽፎ መጣ። እስክሪብቶው ቀለም ሊጨርስ ምንም አልቀረው።

«አባዬ፣ አሁንስ ይብቃው» አለች ልጃቸው።

«መልሱ ገና አልመጣም።»

አራተኛው አንድ መስመር ብቻ ነበር። «ታምሜ ስተኛ አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያስተማረኝን ሰው ሰርቄው፣ መልሼ ሌባ አልኩት።»

ጋሼ ቀመር የእርማት ምልክት አደረጉበት። ይቅርታው በድርጅቱ ገጽ ላይ ወጣ።

እኔ አሥራ አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ… አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ትምህርቱ ምንድን ነው? ማስመዝገብ ባለቤት አያደርግም። ትልቅ ድርጅት «የእኔ ነው» ስላላችሁ የደከማችሁበትን ጥላችሁ አትሽሹ፤ ማስረጃችሁን ያዙና ፊት ለፊት ቁሙ። ይቅርታም ለሚለምን ሁሉ ወዲያው አይታደልም፤ መጀመሪያ የሠራውን በስሙ ይጥራው።

አንዳንዶቻችሁ «ሽማግሌው አበዙት» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ ብሆን አምስተኛም አስደግመው ነበር።

እናንተስ… ስንተኛው ላይ «ይቅር» ትሉት ነበር?