በእናት ድምፅ

ልጄ ትርሲት የምትሠራበት ፋብሪካ ለልብስ ሰፊዎቹ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የድምፅ ማጫወቻ አደለ። ስልጠናው በእናት ድምፅ ነው፤ ቶሎ ይገባል አሉ። እኔም "ፍጠኚ፣ አቁሚ፣ ተነሺ" እያልኩ ድምፄን በስልክ አስቀዳሁ። ልጄን እንዲሁ ማዘዝ ከብዶኝ፣ በየቃሉ ፊት "አፈር ስሆን" ጨመርኩበት።

ዛሬ ልጠይቃት ከገጠር መጣሁ። ምሳ አቅርቤ፣ "አፈር ስሆን ብይልኝ" አልኳት።

ጣቶቿ እንጀራውን ትተው የነጠላዬን ጫፍ ያዙ፤ እያጠፉ ወደፊት ይገፉት ጀመር፣ ልክ በስፌት መኪና ስር እንዳለ ጨርቅ። ዓይኗ አይርገበገብም።

"ትርሲትዬ! አቁሚ!"

እጇ አየር ላይ ቀረ። ሌላ ቃል እንዳያመልጠኝ አፌን ያዝኩ።

አንገቷ ላይ ያለው ማጫወቻ በእኔ ድምፅ፣ "አፈር ስሆን ተነሺ፣ ሰዓት ደርሷል" አለ።

"እሺ እማዬ" አለችው። እኔን ዞር ብላም ሳታየኝ ወጣች።