ቤቴ ላይ ያዘመመው ባሕር ዛፍ

ክረምቱ ቤቴ ላይ ሳይጥለው ብዬ፣ ያዘመመውን ባሕር ዛፌን የሚቆርጥ ባለሙያ አስመጣሁ። ሄልሜት ደፍቶ፣ ጓንት አጥልቆ መጣ። ጎረቤቶቼ ዛፉን በገመድ ወደ ሜዳው ወጥረው ላባቸው ይንጠፈጠፋል፤ እሱ የኤሌክትሪክ መጋዙን ከቤቴ ሶኬት ሰክቶ ስለ ጥንቃቄ ይሰብካል። በሁለት እጅ ያዙ፣ መነጽር አድርጉ፣ ሕፃን አታስጠጉ...

«ልጄ፣ እላይ ያለውን...» ስል፣

«እማማ፣ የተማረ ሲናገር ዝም ይባላል!» አለኝ።

«እሺ፣ ዝም አልን።»

ግንዱን ግማሽ እንዳደረሰው ዛፉ ተንቋቋና ዘንበል አለ፤ ጫፉ ላይ የታሰረው የሰፈራችን የመብራት ሽቦ ተበጠሰ። መጋዙም ጸጥ አለ። ጎረቤቶቼ ገመዱን እንደያዙ ቀሩ፤ ቢለቁት ቤቴ አለቀለት።

ባለሙያው ሄልሜቱን አውልቆ ጆሮዬ ስር መጣ።

«እማማ፣ መጥረቢያ አያጡም መቼም?»