የእርሳስ ቀለም

«የተማሪዎቹ ውጤት ነገ ለወላጆች ስለሚለጠፍ፣ ከሃምሳ ፐርሰንት በታች ያለው በራሱ እንዲቀላ አድርጊው» አላት ርዕሰ መምህሩ ከኋላዋ ቆሞ። ሐዳሳ ኮምፒውተሯ ላይ በኤክሴል የፐርሰንቱን ፎርማት ከፍታ ቀይ የሚል ትእዛዝ ጻፈች። የሰባት ተማሪዎቿ አማካይ ውጤት ባንዴ ቀላ።

እጇ ማውሱ ላይ ቀረ። ሟች አባቷ እዚሁ ሆመቾ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ የወደቀ ልጅ ውጤት በእስክሪብቶ ጽፈው አያውቁም። በእርሳስ ይጽፉና ላጲሱን የውጤት መዝገቡ ሮስተር ላይ አስቀምጠው «ገና ነው፣ ይነሳል» ይሉ ነበር። የላጲሱ ሽታ ሳይቀር ትዝ አላት። ቀዩን አጥፍታ ግራጫ አደረገችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ ርዕሰ መምህሩ። ጎንበስ ብሎ የደበዘዙትን ቁጥሮች ሲያይ ቆየ።

«እንዳለ ተይው» አላት ቀስ ብሎ። «ስድስተኛ ክፍል እያለሁ አባትሽ እኔንም በእርሳስ ነበር የጻፉኝ።»