የቦናያ ትንፋሽ

በዚያ ክረምት ሰባ ቀን ዘነበ። ወንዙ ሞላ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ የወርቅ ማውጫው ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ተደረመሰ። በሦስተኛው የሎኮ ልጅ ሃላኬ መውጫ አጥቶ ከሥር ቀረ።

በዚህ ዘመን ሰው ለሰው ትንፋሽ ያበድራል። ከላይ ያለው ሰው ትንፋሽ የሚያሻግረውን መታጠቂያ ደረቱ ላይ ሲያስር፣ ከታች አየር ያጣው በእሱ ሳንባ ይተነፍሳል። የተሰጠ ትንፋሽ ግን ለሰጪው ተመልሶ አይሞላም። ሎኮ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጉድጓድ ውስጥ ለቀረው ጎረቤቷ ለቦናያ ሰጥታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ትኩስ ሾርባ እፍ ማለት አቅቷት እስኪበርድ ትጠብቃለች። ቦናያም ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ከነፍስ አድን ቡድኑ ጋር ጧት ጧት ዳገት ይሮጣል። "ሽማግሌው ሚስት ሊያገባ ነው" እያሉ ይስቁበታል።

ሃላኬን ለማውጣት የቡድኑ ወጣቶች ሊቆፍሩ ወረዱ። አለቃቸው ጉዮ ቦናያ የጠየቀውን መታጠቂያ ይዞ አመነታ።

"አባ ቦናያ፣ በስድሳ ስምንት ዓመትዎ?"

"የትንፋሽ መለኪያውን አምጣና ልንፋው። ከአንተ ካነስኩ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።"

ነፋ። መርፌው የጉዮን ምልክት አልፎ ሄደ።

ቦናያ አምስት ሰዓት ሙሉ ለሁለት ሰው ተነፈሰ። ከንፈሩ ጠቆረ፤ መታጠቂያውን ግን ማንንም አላስነካም። አመሻሹ ላይ ቆፋሪዎቹ ደረሱ፤ ሃላኬም በገዛ እግሩ ወጣ። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ።

ቦናያ ለሎኮ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን ያዘች።

"ተወው፣ አትልፋ" አለችው። "ከፍለሃል።"