በበሶ የተበጠበጠው ክኒን

አባቱ ለኮሌስትሮል የታዘዘላቸውን ክኒን ሲቀበሉ፣ «እኔ እቴ! ከጸበል ሌላ መድኃኒት አላውቅም» ብለው ሳቁ። ልጅየው ግን አልሳቀም። ጀርመን ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ መድኃኒቱን ጥሎ ወደ ጸበል የሚሮጥ ይመስለዋል። ክርክሩን ፈርቶ ያንኑ ክኒን በድብቅ ገዛና በየማለዳው እየፈጨ በአባቱ በሶ ውስጥ ይበጠብጠው ጀመር።

ወር ሳይሞላ አባቱ ጭናቸው ዝሎ ከበርጩማ መነሳት አቃታቸው። ግድግዳ ይዘው ሲንገዳገዱ ባየ ቁጥር «እርጅና ነው» እያለ ራሱን ይሸነግላል። ክኒኑንም ነገ አቆማለሁ ይላል፤ በማግስቱ ግን በሶውን ሲያቀብላቸው ዓይናቸውን ማየት ይፈራል። ሽንታቸው እንደ ሻይ ሲጠቁር ደንግጦ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው።

ሐኪሟ የደም ምርመራውን ውጤት አየች።

«አባባ፣ ጡንቻዎ እየተጎዳ ነው። ይህ ክኒን ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል። እስኪ እውነቱን ይንገሩኝ፤ አብዝተው ነው የሚወስዱት?»

«ኧረ በመድኃኔዓለም! እንደታዘዝኩት በቀን አንዲት ፍሬ፣ በጸበል ነው የምውጣት። አንድም ቀን አላስታጎልኩም።»



«ታዲያ ይህ ሁሉ መድኃኒት ከየት መጣ?» አለች ሐኪሟ።

«እንግዲህ ጸበሉ አበርክቷት ይሆናላ!» ብለው ሳቁ አባቱ። «ካላመንሽኝ ልጄን ጠይቂው። እሱ ውሸት አያውቅም።»

ሐኪሟ ወደ ልጅየው ዞረች።